ብሎክ 31 የተከፈለ ዕለት

ማክሰኞ ጠዋት በብሎክ 31 ጣሪያ ላይ የነበረው የውሃ ሮቶ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሮቶዎች እስከ ረፋዱ ድረስ ቀስ እያሉ ተራራቁና አንዱ በምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላው በምዕራብ ጫፍ ቆመ። ነዋሪዎቹ ይህን ሲያዩ ብሎኩ ሊከፈል መሆኑን ዐወቁ። ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ፤ ባልዲ ያለው ባልዲውን ሞላ።

እኩለ ቀን ላይ የብሎኩ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ነበር። እያንዳንዱ ከአምሳያው ጋር ወገብ ለወገብ በአንድ ረጅም ነጭ መቀነት ታስሯል። መቀነቱ ቋጠሮ አልነበረውም። ማን እንዳሰረው የጠየቀም የለም።

ከዚያ ከሁለቱ ሮቶዎች ገመድ መውረድ ጀመረ። ገመዶቹ በየመስኮቱ እየገቡ አየሩን ይዳብሳሉ፤ ሰው ሲያገኙ ብብቱ ሥር ይጠመጠማሉ፤ ካጡ ወጥተው እንደገና ይሞክራሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በምሥራቅ ገመድ፣ ሌላው በምዕራብ ገመድ መያዝ አለበት። የመጨረሻው ሰው ሲያዝ፣ ግራውንድ ላይ ልብስ የሚሰፋው አቶ ሙዘሚል የራሱን መቀነት ይቆርጣል። የእሱ ሲቆረጥ የሁሉም ይቆረጣል።

መቀሱ ግን እንዲሁ አይከፈትም። «ገና» የሚል አንድ ሰው እስካለ ድረስ አፉን ገጥሞ ይቆያል። ይህን የሚለው ሰው በዕጣ ይመረጣል። ዕጣው ለእታፈራሁ ወጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከታመመ ባሏ ጋር ለምትኖረው። ቤቱም የደረሳት በዕጣ ስለነበር ጎረቤቶቿ፣ «አንቺንስ ዕጣ ይወድሻል» አሏት።

ሥራዋ ከአምሳያዋ ጋር ከፎቅ ፎቅ እየሄዱ ገመዱን በጣት መምታት ነበር። የተወጠረ ገመድ ደህና ነው። የላላ ከሆነ ሁለቱም አምሳያዎች በአንድ ወገን ተይዘዋል ማለት ነው፤ ወደ ሌላ የሚስባቸው ስለሌለ አይወጠርም። ያን ጊዜ እታፈራሁ ገመዱን ትፈታለች፤ በትክክል እስኪያዝ ድረስም «ገና» ትላለች።

ጥንቃቄው የመጣው ከብሎክ 28 ነው። ባለፈው ክረምት ብሎክ 28 ሲከፈል ዘበኛውና አምሳያው ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሄዱ። በማግሥቱ የሌላው ወገን በር ጠፋ። ሰዎቹ እስካሁን ድረስ በመሰላል በመስኮት ይወርዳሉ። ከብሎኩ ማን ምኑን ይዞ እንዳቆመ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ለተብርሃን ከአምሳያዋ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት ነሽ፣ ለተብርሃን?»

«ምን እሆናለሁ። ከእኔ ጋር መኖር ይህን ያህል እንደሚከብድ ባሌ ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር።»

«ከጠዋት ጀምሮ አፏ አልተዘጋም» አለች አምሳያዋ።

እታፈራሁ ገመዶቻቸውን መታች። ተወጥረዋል። ወደ ላይ ወጡ።

የእታፈራሁ ገመድ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነበር። አምሳያዋን የያዛት ገመድ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ፣ ጎረቤቶቹ «የምዕራቧ» ይሏት ጀምረዋል። መኝታ ቤት ሲገቡ አቶ ጫንያለው ከአምሳያው ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተኝቷል። ስትሮክ ከመታው አራት ዓመት ሆኖታል። አይናገርም፤ የሚንቀሳቀሰው ግራ እጁ ብቻ ነው። እታፈራሁ ጠዋትና ማታ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች፣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች።

ገመዱን መታችው። ላላ ነበር። ሁለቱም ጫንያለዎች በምሥራቅ ገመድ ተይዘዋል።

የአንደኛውን ፈታችው። ገመዱ በምሥራቁ መስኮት ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ በዚያው መስኮት ተመልሶ ያንኑ ሰው ያዘ። እንደገና ፈታችው። እንደገና ተመለሰ። እታፈራሁ ወደ ምዕራቡ መስኮት ዞረች። ተዘግቷል። ከመስታወቱ ውጭ የምዕራቡ ገመድ ጫፉን ቀና አድርጎ ያንኳኳል።

«መስኮቱ ለምን ተዘጋ?»

«ብርድ እንዳይመታው» አለች የምዕራቧ።

«መቼ ዘጋሽው?»

«አንቺ የምሥራቁን ስትከፍቺ።»

«ክፈቺው በይ።»

«አልከፍትም።»

እታፈራሁ ራሷ ልትከፍተው ተራመደች። የምዕራቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ክብደታቸው እኩል ስለነበር መቀነቱ ተወጠረ እንጂ ሁለቱም ካሉበት አልተነቃነቁም።

«እታፈራሁ!» አለ አቶ ሙዘሚል ከታች በደረጃው በኩል። «አለቀ ወይ?»

«ገና!»

የምዕራቧ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አንዳችን እንረፍ» አለች።

«ሁለቱንም እኔ ላገላብጥ?»

«አንዱን የለመደ እጅ ሌላውን አያቅተውም። እኔ ብሆን ላንቺ አደርገው ነበር።»

«አታደርጊውም።»

የምዕራቧ አሰበች። «አላደርገውም» አለች። «ግን አንቺም ቀድመሽኝ ብታስቢው መስኮት ትዘጊ ነበር።»

እታፈራሁ ይህን አልካደችም።

«የሚጎድለውስ ነገር? ብሎክ 28ን አይተሻል።»

«ዘበኛው በር ይዞ ነበር። እሱ ምን ይዟል? አራት ዓመት ተኝቷል እኮ።»

እታፈራሁ አልጋውን አየች። በግድግዳው በኩል የተኛው ጫንያለው ግራ እጁን ከፍ አድርጎ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ቀን ቀን እጁ እዚያ ነው የሚውለው። ቀለሙ በዚያ ቦታ ለቆ የአምስት ጣት ቅርጽ ይዟል። ሁለት ጊዜ አስቀብታው ሁለት ጊዜ ለቋል። ሌላ የያዘው ነገር አልታያትም።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ባልዲዎቹ ባዶ ሆኑ፤ የሮቶዎቹ ቧንቧዎች ከቦታቸው ስለተነቀሉ ውሃ አይወርድም። ገመዱ የልጆቹን ብብት ላጠው። ወይዘሮ ለተብርሃን ከነአምሳያዋ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴ እታፈራሁ፣ በአላህም በማርያምም ይዤሻለሁ። ብሎኩ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው፤ ያውም የተኛ ሰው።»

«ሁለት ሆኗል» አለች እታፈራሁ።

«ይሁን፤ ሁለትም ቢሆን ተኝቷል። ልቀቂንና ሌላው ኑሮውን ይኑር።»

«እታፈራሁ!» አለ አቶ ሙዘሚል። «አለቀ?»

«ገና» አለች፤ ድምፅዋ ደረጃውን ወርዶ ለመድረስ ትንሽ ዘገየ።

ለተብርሃን ከነአምሳያዋ እየተነታረከች ወረደች። እታፈራሁ ወለሉ ላይ ከምዕራቧ አጠገብ ተቀመጠች። መቀነቱ ላላ። የመስታወቱ ኳኳታ ቀጥሏል፤ እንደማይቸኩል እንግዳ። አሁን ብትነሣ የምዕራቧም ትነሣ ይሆናል፤ ደክሟታል። የምዕራቧ ብታርፍም የምታርፈው ያው እታፈራሁ ናት ብላ አሰበች። ከሁለቱ አንዷ ነገ ጠዋት ማንንም ሳታገላብጥ ትነቃለች። ያቺ እሷ አለመሆኗ ትልቅ ልዩነት አልመሰላትም።

«እታፈራሁ፣ አለቀ ወይ?»

ዝም አለች።

«እታፈራሁ?»

የምዕራቧ እጇን ይዛ ጨበጥ አደረገችው። ከታች መቀስ ሲከፈት ተሰማ።

ብሎኩ ያለ ድምፅ ተከፈለ። መሃሉ ጠበብ ብሎ ቀጠነ፤ ከዚያ ተላቀቀ፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሙሉ ሆኖ በየወገኑ ቆመ። በመካከላቸው ሁለት መኪና የሚያሳልፍ ባዶ መሬት ተፈጠረ። እታፈራሁ ወገቧን ዳበሰች፤ መቀነት የለም። አልጋው ላይ ሁለቱ ጫንያለዎች አሉ። ሁለቱም ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገዋል።

ከደረጃው የለተብርሃን ድምፅ መጣ። አሁን አንድ ነበረች።

«ይኼ ደረጃ ምን ሆኗል? ሦስተኛን አልፌ ብወጣ እንደገና ሦስተኛ ነው።»

እታፈራሁ አንደኛውን ጫንያለው ወደ ቀኝ አገላበጠች። ሌላውንም አገላበጠች። የምዕራቧ እንዳለችው እጇ አላቃታትም። ከዚያ ሄዳ የተዘጋውን መስኮት ከፈተች።

የምዕራቡ ብሎክ ከፊት ለፊቷ ቆሟል። ግራውንድ አለው፤ አንደኛ ፎቅ አለው፤ ሁለተኛ ፎቅ አለው። ከሁለተኛው በላይ ሰማይ ነው። ከሰማዩ በላይ፣ ድሮ በነበረበት ከፍታ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ አለ፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አንድ ቁራ በሁለቱ መካከል አልፎ ወደ ማዶ ሄደ።

በባዶው መካከል፣ ሦስተኛ ፎቅ በነበረበት ከፍታ፣ የምዕራቧ በባዶ እግሯ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አንድ ከባድ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ ታገላብጣለች። በእጆቿ መካከል ምንም አልነበረም። ጨርሳ አንሶላ የሌለበትን አንሶላ አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እታፈራሁ ዞረች፤ መስኮት እንደሚከፍት ሰው እጇን ዘርግታ አየሩን ገፋችው።

አየሩ አልተከፈተላትም። በጣቷ ታንኳኳ ጀመር።