ጥርስ ያረፈበት ዳቦ

ሀኒ ምን እንደምትማር ለቂርቆስ ሰፈር ሰው ማስረዳት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን የገባው ሰው የለም። የምትማረው ሳይኮሎጂን ከፎረንሲክ ባዮሎጂ ጋር አጣምሮ ነው። አንደኛው የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ያጠናል፤ ሌላኛው ወንጀል በተሠራበት ቦታ የቀረውን ደም፣ ፀጉርና የጥርስ ምልክት። እናቷ አምሳለ ግን ሁለቱን በራሷ መንገድ አጋጥማ «ልጄ የሞተ ሰው ምን እንደሚያስብ ነው የምትማረው» ብላ እስከ ካዛንቺስ አስወርታለች። ከዚያ ወዲህ ሀኒ ለቅሶ ቤት በሄደች ቁጥር አንድ ሐዘንተኛ ቀስ ብሎ ጠጋ ይላትና «ምንም አላለም?» ይላታል።

ይሁን፣ እሱስ ይለመዳል። ያልተለመደው የዳቦው ነገር ነው።

ወሩ በገባ በአስራ አምስት፣ ቅዳሜ ቀን፣ የቂርቆስ ጽዋ ማኅበር የማብላቱ ተራ የአምሳለ ነበር። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የማኅበሩ ነፍስ አባት አባ ገብረአምላክ ጸሎቱን አድርሰው፣ ቢላቸውን አንስተው፣ ድፎ ዳቦውን ለመባረክ ዞር ሲያደርጉት ጠርዙ ላይ አንድ ንክሻ ቁጭ ብሏል። ሙሉ፣ የማያሻማ፣ የሰው ንክሻ።

«ሳይባረክ ጥርስ አርፎበታል» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። ጀማነሽ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ስለነበሩ ዛሬም ሰውን የሚያዩት እንዳረፈደ ተማሪ ነው። «የነከሰው ሰው እስኪታወቅ ድረስ ማኅበሩ አምሳለ ቤት አይሰበሰብም።»

አምሳለ ከመቀመጫዋ ተፈናጠረች። «እኔን ነው እንዴ በገዛ ቤቴ የሚያዋርደኝ? እሰይ! ልጄ በሳምንት ውስጥ ታወጣዋለች። ለምን መሰላችሁ የማስተምራት?»

እንግዶቹ ጠላቸውን ብቻ ቀምሰው ሲወጡ፣ አምሳለ ልጇን ጓዳ አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። የአምሳለ ወንድም አምኃ ባንክ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ «አካውንቲንግ ትዙር፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት» እያለ ከጨቀጨቀ ከራርሟል።

«ካገኘሽው ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ» አለች አምሳለ። «ካላገኘሽው ሳምንት ሰኞ አካውንቲንግ ነሽ። በቃ። እኔ ሰው ፊት ሁለቴ አላፍርም።»

ሀኒ ደነገጠች። ትምህርቷን ትወዳለች፤ ሌላው ቀርቶ ፈተናውን ሳይቀር ትወዳለች። አካውንቲንግን ስታስብ ግን ገና መጽሐፉ ሳይገለጥ ያዛጋታል።

ዳቦውን በፌስታል ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ላብራቶሪ የለ፣ መሣሪያ የለ፤ ስለዚህ ሻማ አቅልጣ፣ በካርቶን ላይ አፍስሳ፣ ለብ ሲል እየቆረሰች ከዋዜማው ጀምሮ ለማገዝ ቤቷ ሲገቡ ሲወጡ የሰነበቱትን ሁሉ «እስኪ ይንከሱልኝ» ማለት ጀመረች። ንክሻውን ከንክሻው ልታስተያይ ነው እንግዲህ። ሰፈሩ ግን እንዲህ ቀላል ነገር አይወድም። በማግስቱ «የሀኒ ሰም የሠራኸውን ሁሉ ያወጣል» የሚል ወሬ ቤት ለቤት ዞረ።

መጀመሪያ ጋሽ ፍሰሃ መጡ። ሰሙን ሳይነክሱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ባለፈው በእኔ ተራ የጠጣችሁት ጠላ ሚስቴ የጠመቀችው አይደለም፤ ከወሎ ሰፈር አስገዝቼ ነው» አሉ።

«ጋሽዬ፣ እኔ እኮ የምፈልገው ዳቦ የነከሰውን ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ሰሙ ቀድሞ ከሚናገር እኔ ልናገር ብዬ ነው።»

ቀጥለው ወይዘሮ ጀማነሽ ራሳቸው ከተፍ አሉ። ግራ ቀኙን አይተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው «ይኼ ሰምሽ የተፈጥሮ ጥርስና የተገዛ ጥርስ ይለያል?» ብለው ጠየቁ።

«ይለያል፣ እትዬ ጀማነሽ።»

«እንግዲያው የእኔ የላይኛው በሙሉ የተገዛ ነው። ከአፍሽ ብትወጣ ግን ወዮልሽ!»

የግድግዳ ጎረቤታቸው ጀሚላ ደግሞ ተቆጥታ መጣች። ጀሚላ እስላም ናት፣ የወሎ ሰው፤ በማኅበሩ ውስጥ የለችበትም። «ወንፊቱ የማን ነበር? እሳቱን ማን ሲቆሰቁስ አደረ? ሰፈሩ በሙሉ ሲጠረጠር እኔን መዝለል ምን የሚሉት ንቀት ነው?» አለችና ሰሙን ከሀኒ እጅ ነጥቃ፣ ግጥም አድርጋ ነክሳ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት አባ ገብረአምላክ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ሰዉ ለእኔ በአስራ ሁለት ዓመት ያልነገረኝን ለአንቺ በሦስት ቀን እየዘከዘከ ነው አሉ።»

«አባ፣ እኔ አልጠየቅኋቸውም። ሰሙን ፈርተው ነው።»

አባ ሰሙን እያገላበጡ አዩት። «ትንሽ ቁራጭ ትሰጪኛለሽ?»

አርብ ከሰዓት አስራ አራት ሰሞች ጠረጴዛዋ ላይ ተደረደሩ። አንዱም ከዳቦው ጋር አልገጠመም። በዳቦው ላይ፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ባረፉበት መሃል፣ ሳይነካ የቀረ ቀጭን ግድግዳ አለ፤ ነካሹ ፍንጭት ነው ማለት ነው። ከነከሱት ውስጥ ፍንጭት የለም። ያኔ መምህሯ «መጀመሪያ ራሳችሁን ከተጠርጣሪ አውጡ» የሚለው ትዝ አላትና አንድ ቁራጭ ሰም በራሷ ፍንጭት ጥርስ ነከሰች። ዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው። ቁርጥ እሱ!

እየተጣደፈች ኖቷን አውጥታ በእንቅልፍ ልብ ስለሚበሉ ሰዎች የሚያወራውን ገጽ አነበበች። ድካም፣ አለባት። ጭንቀት፣ አለባት። ፈተና፣ እሱማ መች ጠፍቶ። በቃ ወንጀለኛዋ እኔው ነኝ ብላ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

ይኼኔ ጀሚላ በነገረቻት ነገር ከት ብላ እየሳቀች እናቷ ገባች። ሀኒ ቀና ብላ አየቻት። ያቺን ፍንጭት አየቻት፤ አባቷ በሕይወት ሳለ «ሽማግሌ የላክሁት ለእሷ ብዬ ነው» የሚላትን። ቀስ ብላ ማስመሪያዋን አነሳች። የራሷ ንክሻ ከዳቦው በግማሽ ሚሊሜትር ይጠባል።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ሰሙን አልነከስሽም።»

«እኔ? ከሳሽ ይነክሳል እንዴ!» አለች አምሳለ፤ ሳቋን ግን እዚያው ትታው ወጣች።

ሀኒ እንደዚያ ቀን ጨንቋት አያውቅም። እውነቱን ብትናገር እናቷ ሃያ ሁለት ዓመት ከኖረችበት ማኅበር ፊት ትዋረዳለች። ዝም ካለች ደግሞ ሰኞ አካውንቲንግ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ጀማነሽ ሳሎን ተሰበሰበ። አምሳለ ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ሀኒ ዳቦውንና ሰሟን ይዛ ተነሳች።

«የነከስኩት እኔ ነኝ» አለች። «በእንቅልፍ ልቤ። ይኸው፣ የእኔ ጥርስ ነው።»

ጀማነሽ መነጽራቸውን አድርገው አስተያዩ። «ይመስላል» አሉ። «እንዴ! ሦስት ዓመት የተማርሽው ራስሽን ለመያዝ ነው?» ሰዉ ሳቀ። «እንግዲህ አምሳለ፣ ይቺን ልጅ እንደ ወንድምሽ አካውንቲንግ አስገቢያት።»

«ውሸቷን ነው!»

አምሳለ ነበረች። ተነስታ ቆማለች።

«አምና በእኔ ተራ የዳቦው መሃል ሊጥ ሆኖ፣ እትዬ ጀማነሽ፣ እርስዎ ‹በማንኪያ ይቅረብልን› ያሉትን እናንተ ስቃችሁ ረሳችሁት፤ እኔ አልረሳሁትም። ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከረመ። ዘንድሮ ስንጥር ብወጋበት አላመንኩትም። ጠርዙን ነከስኩት። ጠርዙን ነክሼ መሃሉን ላውቅ! አባ ያንን ጎን ያያሉ ብዬ መች ጠረጠርኩ? ከዚያ በኋላ አፌ ቀደመኝ። ልጄን ግን በእኔ ጥርስ ማንም አይስቅባትም!»

ጀማነሽ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በስሎ ነበር?» አሉ።

«በደንብ።»

«እንግዲያው የጋገረ ቀመሰ፤ ምን ይጠበስ?» አሉ አባ። ጀማነሽ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ወደ አምሳለ ሄደው ትከሻዋን ይዘው «የማንኪያው ነገር ባለጌነት ነበር። ይቅር በይኝ» አሏት። ይኼን የሰማ የቀድሞ ተማሪያቸው ቢኖር ራሱን ይስት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ አምሳለ የልጇን ክንድ ያዘች። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«አርብ። የእኔ ከዳቦው በግማሽ ሚሊሜትር ይጠባል።»

«እና ሰኞ ምን እንደሚጠብቅሽ እያወቅሽ ተነስተሽ እኔ ነኝ አልሽ?»

«አዎ።»

አምሳለ መንገድ ዳር ቆማ ስልኳን አወጣች። «አምኃ፣ ለእሷ የያዝከውን የባንክ ቦታ ለሌላ ሰው ስጠው… የለም፣ አትመጣም… እናቷን በግማሽ ሚሊሜትር ይዛ ለእናቷ ብላ የምትታሰር ልጅ፣ ባንክ ገብታ ምን ልትሆንልህ ነው?»

ስልኩን ዘግታ ስትዞር ሀኒ በእጅጌዋ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«አሁን ምኑ ነው የሚያስለቅስሽ?» አለቻት አምሳለ፣ የራሷን ዓይን በነጠላዋ እየጠረገች። «ሂጂና አጥኚ።»