አራተኛው ካሬ

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አምባዬ የበግ አጥንት ጉድጓዱ ጥግ ላይ ቀብሮ በተረከዙ ሲጠቀጥቅ፣ የሚቆፍሩት ተማሪዎች ለምሳ ወጥተው ነበር። አጥንቱን ከአንድ ልኳንዳ ቤት ለምኖ ነው ያመጣው። ከአጥንቱ ጎን አንዲት የሕፃን ጫማ ጨመረ። አፈሩን በመጥረጊያ አለባብሶ ሲያበቃ ዱላውን ታቅፎ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ የቅዳሴ ሰዓት ፊት መሰለ።

ጉዱን ያመጣችው መምህርት ሰርካዲስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደች፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን አርኪዮሎጂ ታስተምራለች። ያ ሁሉ ግቢ እያለ፣ ችንካር ተክላ የሚቆፈረውን መሬት በሲባጎ በካሬ በካሬ የከፈለችው ከአጥሩ ሥር፣ የአምባዬ ቆርቆሮ ቤት በነበረበት ላይ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ ቦታው የጥጥ መጋዘን ነበር፤ አምባዬም ከደርግ ውድቀት ማግሥት ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆታል።

ለተማሪዎቹ ግን ሌላ ነው የነገራቸው፦ እዚያ ቤት ከሚስቱ ከቡዜና ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። በየሐሙሱ በግ ይታረዳል፤ የወጡ ሽታ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ደሴዎችም እንጀራቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው በሚኒባስ ይወርዳሉ። ተማሪዎቹ በየእረፍቱ ከበውት ይስቃሉ። እሑድ ግን የሚያናግረው የበሩ ማጠፊያ ብቻ ነው። አንዴ ዘይት ቢቀባው ዝም አለበትና፣ ሁለተኛ አልቀባውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሙባረክ፣ «ይሄማ የጋሽ አምባዬ ቤት ነው! የበግ አጥንት በአካፋ እናፍሳለን!» ብሎ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ቢቆፍሩ ግን አንዲት አጥንት አልወጣችም። የዛሬው መላ የመጣው ከዚያ ነው።

ልጆቹ ተመለሱ። የግንበኛ ማንካቸውንና ወንፊታቸውን አንሥተው አራተኛው ካሬ ውስጥ ተንበረከኩ። ብዙም አልቆየ።

«አጥንት! ቲቸር፣ አጥንት!»

የአምባዬ ፊት በራ። ሙባረክ አጥንቱን አገላብጦ አየ፤ አሸተተ። አባቱ ሥጋ ሻጭ ነው።

«ወላሂ፣ ይሄ በግ ከትናንት ወዲያ ሲጮህ የነበረ በግ ነው! ዝንቡ ራሱ አብሮት ተቀብሯል!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። መምህርቷ አልሳቀችም። «እስቲ አፈሩን እዩት» አለች።

«እዚህ ጋ አፈሩ ልል ነው» አለች የምስራች፣ ቀጭኗ ልጅ፣ በጣቷ እየጫረች። «ዳር ዳሩ ጠንካራ ነው። ቀለሙም ተደባልቋል። ተቆፍሮ የተመለሰ ነው።»

«ስለዚህ?»

«በኋላ የገባ ነው። ጫማውም።»

«ጎበዝ። ለብቻ አስቀምጡት። የቀረውን ንገሩኝ።»

ሙባረክ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጆንያ ላይ የተደረደረውን ቆጠረ። «አንድ የቆርቆሮ ኩባያ። አንድ ማንኪያ። የሳርዲን ጣሳ ዘጠኝ። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ አርባ ሦስት።»

«ምን ይነግረናል?»

«አንድ ሰው፣ ብቻውን...» ብሎ ሙባረክ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሬዲዮ ሲሰማ የሚያመሽ።»

አምባዬ ዱላውን መሬት ላይ አሽከረከረ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጆንያ ላይ አልቋል፤ ቦታም ተርፏል።

«ቆይ እንጂ!» አለች የምስራች፣ ተቆጥታ። «ቤት የሚለቅ ሰው ኩባያዎቹን ሁሉ ትቶ ይሄዳል እንዴ? ሌላውን ይዘውት ሄደው ይሆናላ!»

«ይሆናል» አለች መምህርቷ። «መሬት ሁሉን አይናገርም። የቤቱ ሰው በሕይወት ካለ ይጠየቃል፤ የተናገረውም በስሙ ይጻፋል።»

የምስራች የቁፋሮውን መመዝገቢያ ቅጽና እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ በሩ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ አምባዬ፣ ቤቱ የእርስዎ ነበር አይደል?»

«የኔ ነበር።»

«የነዋሪ ብዛት ይላል። ስንት ነበራችሁ?» አለችና ቶሎ ብላ ጨመረች፤ «ያሉኝን ነው የምጽፈው።»

ስድስት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ልጅቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለታለች፤ መግባት ብቻ ነው የቀረው። ደግሞ ቀና ብላ የምታየው ዓይኗ፣ ስድስትን አምኖ ለመቀበል የተዘጋጀ ዓይን ነው።

«አንድ» አላት።

እስክሪብቶዋ አልተነቃነቀም።

«አንድ ብለሽ ጻፊ። አጥንቱንም ዛሬ በምሳ ሰዓት የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ጻፈች። «ልጆቹስ?»

«የሉም።»

«ቡዜስ?»

አምባዬ ወደ አስፋልቱ አየ። «ቡዜ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በዚህ ታልፍ ነበር። ሰላም ትለኛለች።»

«በየቀኑ?»

«የቀን ፈረቃ ስትሆን።»

የምስራች ቅጹ ላይ ባዶ መስመር ፈለገች። «እሱም ይጻፍ?»

«ከመሬት አልወጣማ» አላት። «ተይው።»