ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ቼክ

በአሜሪካ፣ በዱሉት ከተማ ሠላሳ ዓመት የሰው የግብር ሒሳብ ስሠራ ከእኔ በላይ ነፋስ ባይ ነበርኩ። አክስታችን አርዲስ ሞታ የጡረታ ቁጠባዋን ለእኔና ለእህቴ ለጆይስ አወረሰችን። ጆይስ የባንክ ሠራተኛ ጠይቃ ድርሻዋን በቀጥታ፣ ገንዘቡ እስኪወጣ ግብር ወደማይጠየቅበት የውርስ ሒሳብ አዛወረች። «ይኼም ሰው ይጠየቅበታል?» ብዬ ሳቅኩባት። እኔ ቼኩን በስሜ አስመጥቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። የወጣ የጡረታ ገንዘብ በስልሳ ቀን ውስጥ ወደ ጡረታ ሒሳብ ከተመለሰ ግብር እንደሌለበት ስንቱን አስተምሬያለሁ።

በሃምሳኛው ቀን ከረባቴን አስሬ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቼኩን አገላብጣ አየችና፣

«የሟች ባለቤት ነዎት?» አለችኝ።

«የእህቷ ልጅ ነኝ።»

«ለወራሽ ስልሳ ቀን የሚሰጠው ባል ወይም ሚስት ከሆነ ብቻ ነው። የእርስዎ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የዘንድሮ ገቢዎ ሆኖ ግብር ይከፍሉበታል። ቀድመው የግብር ባለሙያ ቢያማክሩ ጥሩ ነበር።»

ሥራዬን አልነገርኳትም።

ከባንኩ ወጥቼ ለጆይስ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። አልሳቀችብኝም።

«አይዞህ ቨርሊን» አለችኝ፤ «የእኔን የዘንድሮ ግብር ግን ሌላ ሰው ይሥራልኝ።»