በትራም የተመረጠ የባሕር ዳርቻ

በባሕሩ ዳር ሚደልከርከ ከተማ ያለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሊፈርስ ነው የሚል ደብዳቤ መኖሪያ ከተማቸው አልስት የደረሰ ዕለት፣ ኦዲል ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን ወልውሎ ለአራተኛ ጊዜ ጀመረ። ሚስቱ ጎደሊቭ ድንች እየላጠች በጎን ታየዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣ እዚያው ሕንፃ፣ እዚያው አምስተኛ ፎቅ፣ እዚያው በረንዳ ላይ ነው የከረሙት። ልጃቸው ሊሰሎት እዚያ አድጋለች። የልጅ ልጃቸው ፊን ድክ ድክ ያለችው እዚያ ነው።

«ሊያፈርሱት ነው» አለ ኦዲል፣ ሰው የሞተበት ይመስል።

«ሰማሁ። በዚህ ድምፅህ ጎረቤትም ሰምቷል።»

«ግድ የለም፣ አጠገቡ ያለውን እንከራያለን። በረንዳውም አንድ ዓይነት ነው።»

ጎደሊቭ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሐዘን ይመጣብኛል ብላ ስትጠብቅ የመጣባት ሳቅ ሆነ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ «የት እንሂድ?» ብሎ የጠየቃት ፍጡር የለም። ለነገሩ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

«የለም፣ ኦዲል» አለች። «ዘንድሮ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ኦዲል ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሊጥ ካልሆነ በቀር ምንም ነገር ቅርጹን ሲለውጥ ማየት አይወድም። ቢሆንም የሚስቱን ፊት አይቶ ደብዳቤውን አጠፈው።

እሑድ ምሳ ላይ ወሬው ሲነገር ጠረጴዛው ገበያ ሆነ፤ ሁሉም የየራሱን የጠረፍ ከተማ ጠራ። ሊሰሎት ደ ሃን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች፤ ነጫጭ ቪላዎች፣ ጸጥታ፣ ዛፍ። የዘጠኝ ዓመቷ ፊን ደግሞ ብላንከንበርግ፣ ብላንከንበርግ እያለች ማንኪያዋን ታንኳኳለች፤ እዚያ ያሉት በእግር የሚረገጡ የፔዳል ጋሪዎች ባለ ስድስት ሰው ናቸው፣ አናታቸው ላይም ጣሪያ አላቸው። ኦዲል ሾርባውን እየማገ «ሚደልከርከ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ሚደልከርከ»። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«በቃ!» አለች ጎደሊቭ። «ጫማ እንኳ በእግር ተለክቶ ነው የሚገዛው። ቅዳሜ ደ ፓነ ሄደን ከመነሻው ትራም እንሳፈራለን፤ ጠረፉን ከዳር እስከ ዳር እናየዋለን። እያንዳንዳችሁ የመረጣችሁት ቦታ ስንደርስ አውርዳችሁ ታሳዩኛላችሁ። ፈራጇ እኔ ነኝ። ጉቦ እቀበላለሁ።»

«ዋፍልም ጉቦ ነው?» አለች ለጣፋጭ ሟች የሆነችው ፊን።

«እንዲያውም ዋናው እሱ ነው።»

የግንቦት ቅዳሜ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ግን ያበደበት። ትራሙ ከደ ፓነ ተነስቶ፣ በአፓርታማዎቹና በአሸዋ ጉብታዎቹ መሃል እየተሹለከለከ፣ ባሕሩን አንዴ ብልጭ አንዴ ድርግም እያደረገ ያስኬዳቸው ጀመር። ጎደሊቭ አዲስ ደብተር ገዝታ ነጥብ መስጫ ሰንጠረዥ አስምራለች፦ አሸዋ፣ ነፋስ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሾርባ ጥራት። ለፈራጅነቱ ብላ ቀይ ሊፒስቲክ ተቀብታለች። ኦዲል አይቷት «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ፤ ደስ እንዳለው ግን ጆሮው ቀልቶ አሳበቀበት።

ሚደልከርከ ሲወርዱ ኦዲል ከፊት ከፊት እየመራ ያንኑ የሚያውቁትን መንገድ አስጎበኛቸው። «ይሄ ሥጋ ቤቱ ነው» ይላል። «ይሄ ደግሞ ጋዜጣ መሸጫው።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነው ያደግሁት» አለች ሊሰሎት።

«እንዳትረሺው ብዬ ነው።»

የሚፈርሰው ሕንፃ በአጥር ተከቧል። ኦዲል አንገቱን ሰቅሎ አምስተኛውን ፎቅ ሲያይ አንዲት የባሕር ወፍ ትከሻው ላይ ኩሷን ጣል አደረገችበት። ፊን መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ጎደሊቭ በመሃረብ እየጠረገችለት ደብተሩ ላይ «ወፎቹ ጨዋነት ይጎድላቸዋል» ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ ኦስተንድ ከተማ ላይ ክሮኬት የሚባለውን በሽሪምፕ የተሞላ ጥብስ በሉ። ደ ሃን ላይ ደግሞ ተራው የሊሰሎት ነበርና በነጫጮቹ ቪላዎች መሃል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አዞረቻቸው። «ስሙት እስቲ» አለች ቆም ብላ።

ሁሉም አዳመጡ።

«ምኑን?» አለች ፊን።

«ጸጥታውን ነዋ!»

«የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ስንጠብቅም እንዲህ ነው።»

ተመልሰው ትራሙ ላይ ሲወጡ ሦስቱም በአንድ አፍ ይናገሩ ነበር። ሊሰሎት ሰላም እፈልጋለሁ ትላለች፣ ፊን ሰላም ሰለቸኝ ትላለች፣ ኦዲል ሥጋ ቤቱን ደጋግሞ ያነሳል። «እማዬ፣ ፍረጂ!» «እማማ፣ ፍረጂ!» «ጎደሊቭ፣ ፍረጂ እንጂ!» ጎደሊቭ ደብተሯን ብታገላብጥ፣ ነጥቡ ሁሉ ተሰርዞ ተደልዞ አንድም የሚነበብ ቁጥር የለበትም። ትራሙ ማንም ስሟን ያላነሳት የዌንዱይነ ከተማ ፌርማታ ላይ ቆመ። በሩ ሲከፈት የጨው ሽታ ያለው ነፋስ ገባ፤ ከመንገዱ ማዶም፣ በሁለት ቤቶች መሃል፣ አንዲት መሃረብ የምታህል ሰማያዊ ባሕር ታየቻት። አየር ልትቀበል አንድ እግሯን አወረደች። ከዚያ ሁለተኛውን።

በሩ ከኋላዋ ጥርቅም አለ።

ትራሙ ሲሄድ ፊን መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ደፍጥጣ ታየቻት። ቦርሳዋም፣ ስልኳም፣ ደብተሯም፣ ሊፒስቲኩም ሁሉ ፊን ጭን ላይ ነው። ጎደሊቭ «ጉድ ፈላ!» አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን። መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች። ድንጋጤውን ብትጠብቀው ብትጠብቀው አልመጣም። በምትኩ ከትምህርት ቤት የጠፋች ልጃገረድ የሆነች ያህል ጉልበቷ ቀለላት።

ሆኖም ይጨነቃሉ ብላ፣ ኪሷ ውስጥ በተረፈችው የሙሉ ቀን ትኬት ቀጥሎ የመጣው ትራም ላይ ተሳፈረች። እነሱም በበኩላቸው በአሸዋ ጉብታዎቹ መሃል ባለው በቀጣዩ ፌርማታ ወርደው፣ መንገድ ተሻግረው፣ የመልሱን ትራም ያዙ። ሁለቱ ትራሞች እኩል መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ጎደሊቭ ኦዲልን ፊት ለፊት አየችው። አፉን ከፍቷል። እጇን አውለበለበችለት። እሱም አውለበለበ። ትራሞቹም ተለያዩ።

እሷ ጉብታዎቹ ጋ ስትወርድ እነሱ ዌንዱይነ ወረዱ። እሷ ልመለስ ስትል እነሱም ልንመለስ አሉ። እንደገና ሲተላለፉ ፊን ከጎደሊቭ ደብተር ወረቀት ገንጥላ መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፤ በትልልቁ በሊፒስቲክ «አትነቃነቂ!» ይላል። ጎደሊቭ ደግሞ ገና ሳታነበው መዳፏን ዘርግታ «ቁሙ! እዚያው ጠብቁ!» እያለች በምልክት ትጮኻለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጥፈው «እመቤቴ፣ ማንን ነው እንዲህ የሚያስቆሙት?» አሏት። መልስ ልትሰጣቸው ብትል ሳቁ አፏን ዘጋው።

እንግዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ታዛዥ ነው። ጎደሊቭ ዌንዱይነ ወርዳ አልነቃነቅም አለች። እነ ኦዲልም ጉብታዎቹ ጋ ወርደው አልተነቃነቁም። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሁሉም በየፌርማታው የሌላውን መምጣት ይጠብቃል።

ጎደሊቭ ከፌርማታው ተነስታ በባሕሩ ዳር ሰው ወደሚንሸራሸርበት ሰፊ ግንብ ወጥታ ቆመች፤ ሁለት መቶ እርምጃ መነቃነቅ አይባልም። ግንቡ ላይ የፔዳል ጋሪ የምታከራይ ኤርና የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ጎደሊቭ ታሪኩን ስትነግራት ኤርና ጋሪው ላይ ተደግፋ እንባዋን ጠረገች።

«ነድተው ያውቃሉ፣ እማማ?»

«እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ኮት ይዤ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው ይቺን ቀይዋን ይውሰዷት፤ በእኔ ይሁን። ፍሬን ስለሌላት ማቆም ሲፈልጉ ይጩኹ።»

ቀይዋ ጋሪ ጥሩምባ አላት። ጎደሊቭ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና ረገጠች። መጀመሪያ ጋሪዋ አጉረመረመች፣ ከዚያ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋት በረረች። ውሾች ሸሹላት። አንድ ባልና ሚስት አይስክሬማቸውን ይዘው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። «ይቅርታ! ይቅርታ! ፍሬን የላትም!» ትላለች፣ ጥሩምባውን እየነፋች። ሊፒስቲኳ ጉንጯ ላይ ደርሷል። ጸጉሯ እንደ ተበተነ ጭድ ሆኗል። ግንቡ ጫፍ ደርሳ ስትዞር ነበር ታች በውሃው ዳር ሦስት ሰዎች ሲመጡ ያየችው።

ኦዲል መጠበቅ አልቻለም ነበር። «ትራም አታላይ ነው፤ እግር ግን አይተላለፍም» ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ልጁንና የልጅ ልጁን አስከትሎ በአሸዋው ላይ መጣ። ጎደሊቭ የባሏን ቅልጥም በቀን ብርሃን ካየችው ዘመን የለውም፤ ከዳቦ ዱቄት ይነጣል። በየማዕበሉ ዘለል፣ ዘለል ይላል።

ጋሪዋን በጩኸት አቁማ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ እሷም ጫማዋን ወረወረች።

«አንቺ!» አለ ኦዲል ከሩቅ። «ይሄ ውሃ ይቀዘቅዛል!»

«ባሕር እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ ስንከርም እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አንድም ሰው አልነገረኝም!»

«በረንዳ ላይ ጋዜጣ ይዘህ ማን ይንገርህ?»

ሊሰሎት መጀመሪያ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ቁጣው ሳቅ ሆኖ ወጣ። «እማዬ፣ ፊትሽ ምንድን ነው? ቲማቲም በልተሽ ነው?» ፊን አያቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች። አራቱም ተደጋግፈው ሲስቁ አንድ ማዕበል መጥቶ ኦዲልን እስከ ወገቡ አረጠበው፤ ያኔማ መቆም ያቃተው ኦዲል ውሃው ውስጥ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሊያነሱት የጎተቱትም ተራ በተራ ተከተሉት።

«እማማ፣ ፍርዱስ? ብላንከንበርግ እኮ ገና አልደረስንም» አለች ፊን ጸጉሯን እየጨመቀች።

«እዚህ ነዋ» አለች ጎደሊቭ። «ሌላ የት? ጋሪ እንደሆን እዚህም አለ።»

«ግን እኮ አላየነውም» አለች ሊሰሎት። «ሱቁን፣ ቤቱን፣ ምኑንም።»

«ስንመጣ እናየዋለን። ሁሉን ካየን ሐምሌ ምን ሊሠራ ነው?»

ውሃ እያንጠባጠቡ ኤርናን ጠየቋት፤ የእኅቷ አፓርታማ ለሐምሌ ክፍት ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ያንገራግራል፣ የወጥ ቤቱ መስኮት የሚያየው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ነው። ሊሰሎት ከክፍል ክፍል ዞራ «ባሕሩ እኮ ከየትም አይታይም!» አለች። ኦዲል በተዋሰው ፎጣ ተጠቅልሎ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የት እንዳለ አውቀነዋል» አለ። «በረንዳ የሌለው ደግሞ ይሻላል፤ ሰውን ያሰንፋል።» ጎደሊቭ ዞር ብላ አየችው፤ ያገባችው ሰው ይሄው ነው ወይ ብላ።

ሐምሌ ሲመጡ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት አራቱን ዘነበ። ፊን እንደ ሌሎቹ ልጆች አሸዋው ላይ ትንሽ ሱቅ ሠርታ፣ በቀጭን ባለቀለም ወረቀት የተሠሩ አበቦች ዛጎል እንደ ገንዘብ እየተቀበለች ልትሸጥ አስባ ነበርና አኮረፈች። ያኔ ኦዲል ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። አርባ ዓመት ሊጥ የጎነጎኑት ጣቶቹ ጽጌረዳ ያወጡ ጀመር፤ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቅል ጎመን የሚያክል ብርቱካናማ። ዝናቡ ሲያባራ አሸዋው ላይ የዘረጉት ሱቅ ፊት ልጆች ባልዲ ባልዲ ዛጎል ይዘው ተሰለፉ። ኦዲል እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ለሁሉም ይደርሳል!» ይላል፣ ልክ እሑድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይል እንደነበረው። ጎደሊቭ ሰልፉ ውስጥ ገብታ፣ አንድ መዳፍ ሙሉ ዛጎል ይዛ፣ ተራዋን ጠበቀች። ሲደርሳት ትልቁን ብርቱካናማ ጠየቀች።

«ለእርስዎ ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው» አለ ኦዲል አበባውን ሳያነሳ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

«ሌባ!» አለች ጎደሊቭ፣ ሌላ ዛጎል ፍለጋ እየሮጠች።