ምን ጎደለዎት?

የሆላንዱ እንግዳ ከባቡር ሲወርድ ሙሉሽ እጇን እያውለበለበች ሮጠች። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰው የምታዝ አለቃ፣ እስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ ባቡር ጣቢያ መሀል እንደ ልጅ ሮጠች ስላችሁ! ምን ታድርግ? ስምንት ወር ሙሉ ይህን ሰው ያየችው በስልክ ብቻ ነው።

«ሄንክ!»

ረጅሙ ጡረተኛ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ እጁን ትታ ጉንጩን ሳመችው። በእነሱ አገር ሦስት ጊዜ ነው አሉ የሚሳሳሙት፤ ሙሉሽ አራተኛውን ስትጨምር አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጩ። የሙሉሽ ክለብ ጸሐፊ የሆነው የታክሲ ሹፌሩ ያሮን በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉሽ በከተማዋ የተቋቋመው የበጎ አገልግሎት ክለብ ሊቀ መንበር ናት። ክለቡ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥርስ ሐኪምም፣ ሹፌርም፣ አስተማሪም አለበት፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበው ለሰፈሩ የሚጠቅም ሥራ ይሠራሉ። ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር ያሉት ሕንፃዎች አሳንሰር አላቸው፤ አሮጌዎቹ ግን የላቸውም። ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌዎች እዚያው ፎቅ ላይ ቀርተው ወር ከወር መሬት አይረግጡም። ክለቡ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ባለባትሪ ወንበር፣ ከማመላለሻ መኪና ጋር፣ ሊገዛ አሰበ። ብቻውን ከየት አምጥቶ! እንዲህ ያሉ ክለቦች በዓለም ሁሉ አሉና፣ አጋር ፍለጋ ለአሥራ ሁለቱ ጻፉ። አሥራ አንዱ ዝም አሉ። አሥራ ሁለተኛው፣ የሆላንዱ፣ «እስቲ እንነጋገር» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ሙሉሽ ፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ገብታ ብቻዋን ጨፈረች።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የሄንክ ክለብ ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሄንክ አምስት ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄዶ ችግራቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት አለበት። እነ ሄንክ ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቃቸውን ዕቃ ገዝተው ሰጥተው፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ዝጎ ቀርቶባቸዋል። ስለዚህ አሁን ባለጉዳዩ ራሱ ካልተናገረ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ከአምስቱ አንዱ አባ ሰጠው፣ የገዛ አባቷ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ አልወረዱም። ሙሉሽ «ጎረምሶች ተሸክመው ያውርዱዎት» ስትላቸው፣ «በሰው ትከሻ የምወርደው ስሞት ነው!» ብለው ወሬውን ዘጉት። ለዚህ ነው ወንበሩ እንቅልፍ የነሳት።

«ያላ፣ ያላ!» አለ ያሮን፣ የታክሲውን በር እየከፈተ።

የመጀመሪያው ቤት ሄንክ ደብተሩን ዘርግቶ፣ አገሩ እንደለመደው ፊት ለፊት ጠየቀ፤ ሙሉሽ ተረጎመች። «ምን ጎደለዎት?»

«ኧረ ምን ጎድሎኝ!» አሉ ሽማግሌው፣ ሦስት ወር ከአልጋና ከወንበር ሌላ ያላዩት። «ተመስገን ነው! ይልቅ እንግዳው ይብላ።»

ሄንክ በላ፤ ደብተሩ ላይም «ምንም» ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ቤት ያው። ሦስተኛው ቤት ያሉት እናትማ ሙሉሽን በዓይናቸው ገረመሟት። «ሰው ባሕር አቋርጦ ሲመጣ የጉልበቴን ቁርጥማት ላውራለት? ነውር አይደለም?» አሏትና ሁለተኛ ሳህን አቀረቡ። ሄንክ ቀበቶውን አላላ። «ምንም፣ ምንም፣ ምንም» ይላል ደብተሩ። ደረጃውን ሲወርዱ ቀስ ብሎ፣ «ሙሉሽ፣ ሰዎቹ ደስተኞች ናቸው። ምናልባት ወንበሩን የምትፈልጊው አንቺ ትሆኚ?» አላት።

ወይ ጉድ! ስምንት ወር የለፋችበት ነገር በጨዋነት ሊሞትባት ነው! እሷ ራሷ ያደገችው ለእንግዳ ችግር እንዳይነገር እየተመከረች አይደል? እንዴት አላሰበችውም?

አራተኛው ቤት የአባቷ ነው። አባ ሰጠው ለእንግዳው ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የሄንክን እናት ደህንነት ጠየቁ፣ የአገሩን ዝናብ ጠየቁ፣ ላሞቹን ጠየቁ። ከዚያ ሄንክ ያንኑ ጥያቄውን አመጣ።

«ምን ይጎድለኛል ልጄ! ልጅ አለኝ፣ ቤት አለኝ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ሄንክ እስክሪብቶውን ይዞ ሙሉሽን ይጠብቃል። እዚህ ቤት አማርኛም እንግሊዝኛም የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «መውረድ እፈልጋለሁ አሉ» ብትል ማን ያውቅባታል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አባቷ ግን በዚያ ንጹሕ ዓይናቸው ያዩዋታል፤ እሳቸው ፊት ዋሽታ አታውቅም።

«ምንም አልጎደለኝም አሉ» ብላ ተረጎመች።

የቀረው አምስተኛው ቤት ነው፤ እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ እማማ አያለች። ገና ከመቀመጣቸው፣ «እኔ ምን ጎድሎኝ!» አሉ እማማ። ሙሉሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ በቃ፣ አለቀ።

«ይልቅ እናንተ ሰዎች፣ አያ ሰጠውን እዩልኝ!»

«አባቴን? አሁን ከእሳቸው ዘንድ ነው የመጣነው፤ ደህና ነኝ አሉ።»

«ደህና!» እማማ አያለች ጭናቸውን በእጃቸው መቱ። «ደህና ነኝ ይላሉ እንጂ! አስምለውኝ ነበር፣ ዛሬስ ሆዴ አልቻለም። የእናትሽ ሙት ዓመት ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ላይ ኳ የሚል ሰማሁ። ስከፍት አያ ሰጠው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል! የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በእጃቸው የበራ ሻማ ይዘው። ከአራተኛ ፎቅ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ነው የወረዱት። መቃብሯ ድረስ ሊሄዱ! እዚህ ሲደርሱ ጉልበታቸው አለቀ። መውረድም መውጣትም አቃታቸው። ከሌሊት ሥራ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ናቸው ተሸክመው የመለሷቸው፣ እያለቀሱ። ለሙሉሽ እንዳትነግሪ፣ ሥራዋን ትታ እኔን ስትጠብቅ ልትኖር ነው አሉኝ።»

«ምን አሉ?» አለ ሄንክ።

ሙሉሽ ያን ቀን ለአባቷ ደውላ ነበር። «አንቺ ሂጂላት ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ አስባታለሁ» ብለዋት፣ አምናቸው ብቻዋን መቃብር ደርሳ ተመልሳለች። በራቸው ሥር የወደቀ የሻማ ሰም አይታ እንኳ ራሷ ፍቃ አጽድታዋለች! እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አንዱንም ሳታስቀር ተረጎመችለት፤ መንፏቀቁንም፣ ሻማውንም። ሄንክ ሁለት ገጽ ጻፈና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

በዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት። «ሄንክ!» ብላ ብድግ አለች። «ጥያቄያችን ነው እኮ የተበላሸው! ሰው ስለ ራሱ አይጠየቅም!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ሄንክ እያለከለከ ተከተላት።

«አባዬ፣ እማማ አያለች ምን ጎደላቸው?»

«አያለች?» አባ ሰጠው ከወንበራቸው ቀና ብለው ወደ ሄንክ ዞሩ። «አያለችማ ምን ያልጎደላት አለ! እህቷ ካርሜ ጋት ናት፤ ሕንፃው ያውልህ ልጄ፣ ከዚህ መስኮት ይታያል። ከተያዩ ዓመት አለፋቸው፤ ሁለቱንም እግራቸው ከድቷቸዋል። የእሷ መስኮት ደግሞ በዚያ በኩል ነው፣ አያሳይም። ሲመሽ እኔ አይቼ እደውልላታለሁ። የእህትሽ መብራት በርቷል እላታለሁ፤ እፎይ ብላ ትተኛለች። ጻፍ እንጂ! ምን ታየኛለህ?»

ሄንክ ጻፈ። ያሮንም ነዳ። ሦስቱን ቤት እንደገና ዞሩ፤ እያንዳንዱም ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ እንደ ጠበቃ ተናገረ። ነውር ነው ያሉት እናት እንዲያውም ከታች ስለሚኖሩት ሽማግሌ አንድ ሰዓት አወሩ፣ ጠረጴዛም መቱ። ደብተሩ ሞላ። ሐሙስ ማታ ሙሉሽ ስልኳን እንደ ጨበጠች ከወዲህ ወዲያ ስትል ሄንክ ደወለ። ከኋላው ጭብጨባ ይሰማል። «ሁሉም እጅ አወጣ!» አላት። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ወጣ።

ወንበሩና ማመላለሻ መኪናው ከመስከረም በዓላት በኋላ ደረሱ፤ ሄንክም አብሯቸው መጣ። በመጀመሪያው ቀን ግን ሌላ ጣጣ! እማማ አያለች «አያ ሰጠው ሳይወርዱ አልቀመጥም» አሉ፤ አባ ሰጠው ከላይ «እሷ ትቅደም!» ብለው ጮኹ። ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ያሮን፣ አማርኛ የሚያውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ የሆነው ሰውዬ፣ በእጁ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አመለከተ፤ ከላይ ነው የሚጀመረው ማለቱ ነው። ሁሉም ሳቀና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ወንበሩ እያጉረመረመ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። በየፎቁ በር ተከፈተ፣ እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። አባ ሰጠው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ ጋደም አድርገው፣ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጡ ወረዱ። እግራቸው መሬት ሲነካ ሙሉሽ አጨበጨበች።

ሄንክ፣ መቼም አመሉ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ያችኑ ጥያቄውን ጠየቀ። ሙሉሽ እየሳቀች ተረጎመች። «አባዬ፣ ምን ጎደለዎት ይላል።»

«ምንም» እንደሚሉ ሁሉም ያውቃል፤ ሰዉ ገና ሳይመልሱ መሳቅ ጀምሯል። አባ ሰጠው ሄንክን አላዩትም፤ ሙሉሽን አዩ። እጃቸውን የሱፋቸው ኪስ ውስጥ ከተው ሻማ አወጡ።

«እናትሽ» አሉ። «እሷ ዘንድ ውሰጅኝ።»

«ምን አሉ?» አለ ሄንክ።

ሙሉሽ የማመላለሻ መኪናውን በር በሁለት እጇ ከፈተችው።