ነጎድጓድ የቆመበት ቦታ

አዳራሹ ለባንዱ ቀረጻ የተፈቀደው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ልጅቱ አሥራ ስምንት ማይክሮፎን በሁለት ሻንጣ ተሸክማ መጣች፤ አንዱም ሳይወጣ ቀረ። ይህን ባንድ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የቀዳው አባቷ፣ ዛሬም በድሮው መንገድ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። በድሮው መንገድ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ይቆማል፤ ድምፅ የሚመጣጠነው ሰው በማራቅና በማቅረብ ነው። እሷ የተማረችው ለየመሣሪያው አንዳንድ ማይክሮፎን ደቅኖ ኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ነው። ተከራክራ ሲታክታት ተወችው።

አባቷ የያኔውን ልኬት የጻፈበትን አሮጌ ደብተሩን ገልጦ ወለሉን በእርምጃ እየለካ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሳክስፎኖች ከማይክሮፎኑ ሦስት እርምጃ፣ ትሮምቦኖች ስድስት። ትራምፔት ነፊው ነጎድጓድ ደግሞ ግድግዳው ሥር፣ አሥራ አንድ እርምጃ። ያኔ እሱ ለብቻው ሲነፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷም በልጅነቷ ፒያኖ ሥር ተደብቃ ጆሮዋን ትይዝ ነበር።

መቅዳት ጀመሩ። የነጎድጓድ ተራ ሲደርስ የጆሮ ማዳመጫዋ የተበላሸ መሰላት። ጉንጩ ተነፍቷል፣ የሚሰማው ግን ክር የሚያህል ድምፅ ነው። ደብተሩ የለካው የሃምሳ ዓመት ሰው ሳንባ ነበር፤ ምልክቱ ላይ የቆመው ሰባ ሁለት ሞልቶታል።

ትንሽ ማይክሮፎን ፊቱ ላቁምለት አለች አባቷን በሹክሹክታ።

"ለሁሉም አንድ፣ ለሱ ሁለት? ያኔውኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።"

"እሺ፣ ቀረብ በል በለው።"

"አንቺ በይው።"

ተነሣች። ነጎድጓድ የጫማውን ጫፍ ከጠመኔው መስመር ጋር አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ግማሽ መንገድ ሄዳ ተመለሰች።

ያን ጊዜ አባቷ ተነሣና ሳክስፎን ነፊዎቹን ወንበራችሁን ይዛችሁ ወደ ማይክሮፎኑ ጀርባ ዙሩ አላቸው። ማይክሮፎኑ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሰማል፤ ደንቆሮነቱ በጎንና በጎኑ ነው። ትሮምቦኖቹን ድምፃቸው እንዳይጎላ በጎኑ ደረደራቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሳክስፎን ነፊ፣ ስሞት ግን አታስነሡኝም አይደል ብሎ አሳቃቸው። ለምን ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ ሁሉም ወንበሩን አነሣ። አባቷ ማይክሮፎኑን ራሱ ተሸክሞ ከነጎድጓድ አራት እርምጃ ላይ አቆመው። ነጎድጓድ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እንደገና ተጫወቱ። አሁን ተሰማ። እንደ ድሮው አይደለም፤ በየዜማው መሐል ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሲተነፍስ ሳይቀር ይሰማል።

ተሰብስበው የተቀዳውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ይህን ሁሉ ሰው ወንበር ያሸከምከው ለኔ ነው" አለ ነጎድጓድ ለአባቷ።

"ላንተ ነው።"

ልጅቱ መሐል ገባች። "ጋሼ፣ ትንፋሹ ካስጠላዎት ለማለዘብ እሞክራለሁ።"

"ተዪው፣ ልጄ። ያኔ እኮ ትንፋሽ እንደማወጣ ማንም አያውቅም ነበር።"

ስንት ደቂቃ እንደቀራቸው ጠየቃት። አርባ አለችው። የትራምፔቱን አፍ በሸሚዙ ጠራረገና፣ እንግዲያው ያን ረጅሙን ዜማ እንሞክረው አለ።