ከማንኪያ የማይፈስ ሾርባ

አለበል ማጀት ገብቶ ድስት ሲጥድ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ጉልቻው ዝቅ ብሎበት ወገቡን ይዞ ነው የሚያጎነብሰው። ሚስቱ እታለም መደቡ ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ትመለከተዋለች።

ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይዟት የተመለሰው ትናንት ነው። ስትሮክ ነው ብለውታል። የግራ እጇ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ምላሷ ቢከብዳትም ትናገራለች። እምቢ ያለው ጉሮሮዋ ነው። ውኃ በቀመሰች ቁጥር ትን ይላታል።

ነርሷ ስታሰናብታቸው አለበልን ለብቻው ጠርታ ነግራዋለች።

«ቀጭን ነገር እንዳይሰጧት አባቴ። ውኃም ሻይም ወደ ሳንባዋ ነው የሚገባው። ወፍራም ይሁን፣ ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ቶሎ የማይፈስ። ስትውጥ አገጯን ዝቅ ታድርግ። ከዋጠች በኋላ ያናግሯት፤ ድምጿ ውኃ እንደያዘ ከተንኮረኮረ ያቁሙ። እስከ ነገ ማታ መዋጥ ካልቻለች ግን ይመልሱልን፣ በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባላታለን።»

እታለም ሰምታለች። ባጃጁ ውስጥ ሆና የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቱቦውን ቢያስገቡት እነቅለዋለሁ።»

አለበል ያውቃታል። ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበትን ቀን አያስታውስም። ስለዚህ ዛሬ ካልበላች ነገ የሚሆነውን ያውቃል።

ነርሷ እርጎና እንቁላል ጥሩ ነው ብላ ነበር። ዐቢይ ጾም ነው። የነፍስ አባቷ ለታመመ ይፈቀዳል ቢሏትም አሻፈረኝ አለች። የቀረው የአተር ክክ ነው። ልጃቸው ምሕረት ቡሬ ናት፤ መጥታ እንዳትሠራ መንገዱ ዛሬ መኪና አያሳልፍም። በስልክ ነው የምታሠራው።

«አባየ፣ ክኩን አጠቡት?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ሽንኩርቱስ ተከተፈ?»

«ተከትፏል። ጣቴም አብሮ ተከትፏል።»

ምሕረት ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ። «አባየ፣ ባትበላስ?»

«ትበላለች። ዝጊው፣ ካርድሽን አትጨርሺ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እታለም ከመደቡ ላይ ሆና፣ «እሳቱን ቀንስ» አለችው።

«ቀንሻለሁ።»

«አልቀነስክም። ሲንተከተክ ይሰማኛል።»

አንድ እንጨት አወጣ። ክኩ ከፈላ ቆይቷል። በማንኪያ ቀድቶ አዘነበለው። መጀመሪያ ቢጫ ውኃ ፈሰሰ፤ ቀጥሎ ክኩ እንደ ጠጠር ተንጠባጠበ። አልሆነም። መልሶ ከደነው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀዳ። ያው ነው። ውኃው ለብቻው፣ ክኩ ለብቻው። በሩ ላይ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ጎረቤታቸው ሠርክአዲስ እንደ መሶብ ወርቅ ተጠንቅቃ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ምድጃው ጋ ያለውን ሰው ስታይ ቆም አለች።

«በሞትኩት! አያ አለበል ባለሙያ ሆኑልኛ! መቀነት ላምጣልዎት?»

«የያዝሽው ምንድን ነው?»

«የአጃ አጥሚት። አንጀቷን ያርስላት ብዬ።»

አለበል ብድግ ብሎ ሳህኑን ተመለከተ። «ቀጭን ነው። አይሆንም።»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! የታመመ ሰው ክክ ጫኑበት የሚል የት አገር ነው? ድሮስ ለታመመ የሚሰጠው ቀጭን አይደለም?»

እታለም ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አልነቀለችም። ከትናንት ጀምሮ ከንፈሯን የነካው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው።

«አንድ ጉንጭ» አለች።

«አይሆንም።»

«ጨካኝ ነህ።»

«ነኝ።»

ይህን እንዳለ ድስቱ ገነፈለ። እሳቱ ጭስስ አለ። አለበል ዞሮ ክዳኑን አነሳ፣ አቃጠለው፣ ጣለው። ሲያነሳው ከኋላው የሳል ድምፅ ሰማ።

ሳልም አይደለም። አየር የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው። ሠርክአዲስ አጥሚቱን ያስጎነጨችበትን ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። እታለም አፏን ከፍታ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ በደህናው እጇ አየሩን ትቧጥጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። አለበል ወደ ፊት ደፋትና በመዳፉ ጀርባዋን መታት። ደግሞ መታት። አጥሚቱ ባፍም ባፍንጫም ወጣ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። እንደገና አሳላት፤ ይህኛው ግን ሳል ነበር።

«ገደልኳት!» አለች ሠርክአዲስ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«አልገደልሽም። ደግፊያት፣ እንዳትጋደም።»

የእታለም ቀለም እስኪመለስ ድረስ ጀርባዋን አሻሸላት። አለበል ፊቷን ጠረገላት። 

«አያ አለበል፣ ይስደቡኝ» አለች ሠርክአዲስ።

«ጊዜ የለኝም። ክኩ እምቢ ብሏል።»

ሠርክአዲስ ዓይኗን ጠርጋ ድስቱን አየች። በጭልፋው ጥቂት ክክ አውጥታ በጣቶቿ ፈተገችው።

«ልቡ አልበሰለም። ጨው መቼ ጨመሩበት?»

«ገና ስጥደው።»

«በሉ እንግዲህ! ጨው እኮ ያደርቀዋል። ከላይ ያለውን ውኃ ይድፉትና ሌላ የፈላ ይጨምሩበት። እሳቱንም አሁን ይልቀቁት። ሲበስል በወንፊት ነው የምናሳልፈው።»

ውኃውን ደፋ፣ ሌላ ጨመረ፣ የወጣውን እንጨት መለሰ። ክኩ መፈረካከስ ሲጀምር ሠርክአዲስ ከቤቷ ወንፊቷን አምጥታ በሌላ ድስት ላይ ያዘችለት። አለበል በጭልፋው ጀርባ እየጫነ ክኩን አሸው። ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን እየገለበጠ እንደገና አሸው፣ ከወንፊቱ ሥር እንደ ለጋ ቅቤ ወፍራም ነገር እየተንጠለጠለ ወረደ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ፣ እርዱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሮ፣ ሁሉንም በማማሰያ አዋሐደው።

ማንኪያውን ሞልቶ አዘነበለ። አልፈሰሰም። ቆይቶ ቆይቶ በአንድ ላይ ጠብ አለ።

ሠርክአዲስ ከኋላ ሆና እታለምን ቀጥ አድርጋ ያዘቻት። አለበል ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የማንኪያውን ግማሽ ቀድቶ እፍ አለበት።

«አልፈልግም» አለች እታለም። ድምጿ ውስጥ ፍርሃት ነበር። አለበል በዚያች ሴት ላይ ፍርሃት አይቶ አያውቅም።

«አንድ ብቻ። አገጭሽን ዝቅ አድርጊ።»

ወሰደችው። አለበል ጉሮሮዋን ያያል። ጉሮሮዋ ወደ ላይ ከፍ አለ። እዚያው ቆመ። ሠርክአዲስ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ወረደ።

ጠበቁ። ሳል የለም።

«ተናገሪ» አለ አለበል።

«ምን ልናገር?»

ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ምንም አይንኮረኮርም።

ሁለተኛውን ሰጣት። «ተናገሪ።»

«እጅህን ታጠብ።»

ሦስተኛውን ሰጣት። «ተናገሪ።»

«ሰው ሲበላ አያናግሩም።»

«እልል ልበል?» አለች ሠርክአዲስ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ትስቅና ትን ይላታል።»

ሳህኑ ጎደለ። ከዚያ ሳህኑ ሥር የተሳለው አበባ ታየ። እታለም የመጨረሻውን ማንኪያ ራሷ በደህናው እጇ ወሰደችው። አለበል ማንኪያውን ለቀቀላት።  ስልኩን አወጣ።

«በላች» አለ። ምሕረት ስታለቅስ ሰማትና ጥቂት ጠበቃት። «ሆስፒታል አንመለስም። በቃ። በላች።»

ሠርክአዲስ ወንፊቷን ይዛ ሄደች። 

«ነገስ?» አለች እታለም።

«ነገ ምን?»

«ነገ ምንድን ነው የምትሠራልኝ?»

«ይኸንኑ።»

«በየቀኑ አተር? የምስር ክክ አለ እኮ። ጓዳ ግባና ከትልቁ እንስራ ጀርባ… ቀዩ ባልዲ አይደለም፣ እሱ ባቄላ ነው… ከሱ አጠገብ፣ ክዳኑ የተሰበረው…»

ምላሷ እየከበዳት፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየጀመረች ነበር የምትናገረው። አለበል ጠዋት አተሩን ሲፈልግ ምስሩን አይቶታል። አላቋረጣትም።

«ከእንስራው በስተቀኝ ነው?» አላት።

«በስተግራ! እየሰማኸኝ አይደለም እንዴ?»

«እየሰማሁሽ ነው» አለ፣ እግሩን እየዘረጋ። «ቀጥይ።»